ጋቢ ለብሼ ብስክሌት የነዳሁ ዕለት

ስፖርት የሚባል ነገር ከእኔ ጋር ተስማምቶ አያውቅም። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ኋላ «ይኼ ሰውዬ ጤነኛ ነው?» እንዳትሉኝ አስቀድሜ ልናዘዝ ብዬ ነው። ጆሃንስበርግ፣ ትሮይቪል በሚባለው ሰፈር ዐሥራ አንድ ዓመት ስኖር የሮጥኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዴ ታክሲ ሊያመልጠኝ ሲል፣ አንዴ ደግሞ ውሻ ሲያባርረኝ። ታክሲው አመለጠኝ። ከውሻው ግን አላመለጥኩም።

ታዲያ ኮሮና መጣና ሁላችንንም ቤት ዘጋብን። ሎክዳውን ተባለ። እኔ መሀል ከተማ መጋረጃና አልጋ ልብስ የምሸጥ ሰው ነኝ። መጋረጃ ደግሞ መንግሥት «እጅግ አስፈላጊ» ብሎ ከዘረዘራቸው ሸቀጦች ውስጥ የለበትም፤ እንዴት እንደማይኖርበት አሁንም አይገባኝም፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ የሚያየው መጋረጃውን አይደል እንዴ? ብቻ ሱቄ ተዘጋ። አምስት ሳምንት ሙሉ ሥራዬ መብላትና ዜና መስማት ሆነ። ዜናው ሲያስፈራኝ እበላለሁ፤ በልቼ ሳልጨርስ ሌላ ዜና ይመጣል። በስድስተኛው ሳምንት ሱሪዬ አልዘጋ አለ።

ልክ በዚያ ሰሞን መንግሥት ራራልን። ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ወጥታችሁ መራመድ፣ መሮጥ፣ ብስክሌት መንዳት ትችላላችሁ፤ ከቤታችሁ ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ እንዳትርቁ፤ ማስክ አድርጉ፤ ተሰብስባችሁም እንዳትሄዱ ተባለ። ይህን ትእዛዝ ከሰፈራችን ሰው ሁሉ ይልቅ በደስታ የተቀበለው ጋሽ ደሳለኝ ነው።

ጋሽ ደሳለኝን ላስተዋውቃችሁ። የደብረ ብርሃን ሰው ነው፤ ስልሳውን አልፏል፤ ረጅም፣ ድምፀ ወፍራም፣ ሲስቅ እንኳ ያዘነ የሚመስል ፊት ያለው። የእድራችን ሊቀመንበር ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑንና ወንበሩን የሚያስብ፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት የሚያስልክ እሱ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ መርዶ የሚነግር እሱ ነው። ከሂልብሮው እስከ ዱርንፎንቴን ያለ አበሻ የዘመዱን ሞት የሰማው ከጋሽ ደሳለኝ አፍ ነው ብል አላጋነንኩም። አገር ቤት ሰው ሲያርፍ ስልክ የሚደወለው ለቤተሰቡ ሳይሆን ለሱ ነው። እሱም እንደ ደንቡ ሁለት ሦስት ሰው ያስከትልና፣ ሰውዬው ለሥራ ሳይወጣ፣ ገና ጎህ ሲቀድ በሩን ያንኳኳል።

በዚህ የተነሣ ጋሽ ደሳለኝ በጠዋት ማንንም «እንዴት አደርክ?» ማለት አይችልም። አንድ ጊዜ በማለዳ ሲጋራ ሊገዛ ወደ አንድ ያገራችን ልጅ ሱቅ ጎራ ቢል፣ ልጁ ገና ሲያየው ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሲጋራ ነው የፈለግሁት ቢለው፣ ቢምል፣ ቢገዘት ማን ይመነው! ልጁ አገር ቤት ያለውን ዘመድ ሁሉ በስልክ አዳርሶ እስኪጨርስ ሱቁን አልከፈተም። ጋሽ ደሳለኝ ከዚያ ወዲህ ሲጋራ አቆመ፤ ለጤናው ጠቀመው።

የዚያን ዕለት ጉዟችን ሦስተኛው ሰውዬ ወንድም ማርቆስ ነው። የዱራሜ ልጅ ሲሆን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ልቡ እንደ ሕፃን የዋህ። ያለጸሎት የሚጀምረው፣ ያለጸሎትም የሚጨርሰው ነገር የለም። የብስክሌቱን ጎማ ሊነፋ ሲል ዐይኑን ይጨፍናል፤ ነፍቶ ሲጨርስም ይጨፍናል። እኔና ጋሽ ደሳለኝ ኦርቶዶክስ ብንሆንም ማርቆስ ሲጸልይ ቆመን እንጠብቃለን፤ ማን ያውቃል፣ በዚያ ዘመን ጸሎት አይናቅም ነበር።

እንግዲህ መንገዱ። ድሮ ወርቅ በሚወጣበት ዘመን ከማዕድን ጉድጓዶቹ ድንጋይ የሚያመላልስ ባቡር ነበረ አሉ። ወርቁ ሲያልቅ ባቡሩም ቀረ። ሐዲዱን ግማሹን መንግሥት፣ ግማሹን ቆራሌው ነቀለው ይባላል። ኋላ የሰፈሩ ሰዎች እሾሁን መነጠሩ፣ ጠጠር አለበሱት፣ አግዳሚ ወንበር አኖሩበትና የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አደረጉት። ቀጥ ያለ ነው፤ በግራም በቀኝም ባሕር ዛፍ አለበት፤ ትልቁ ጸጋው ግን ሜዳ መሆኑ ነው። ባቡር ዳገት አይወድም፤ እኔም አልወድም።

ጋሽ ደሳለኝ ከዋዜማው ደወለልኝ።

«ነገ በጠዋት እንወጣለን። ለአንተ የሚሆን ብስክሌት አለኝ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ብስክሌት ከነዳሁ ሠላሳ ዓመቴ ነው!»

«ብስክሌት አይረሳም። ማርቆስም ይመጣል። ደግሞ ይበርዳል፤ ጋቢህን ደረብ አድርግ።»

ይበርዳል ያለው እውነቱን ነው። ግንቦት አገር ቤት ሙቀት ነው፤ እዚህ ግን ክረምቱ የሚገባበት ወር ነው። ጠዋት ስወጣ መኪናዎቹ ላይ አመዳይ ጋግሯል። በጃኬቴ ላይ ጋቢዬን ደርቤ፣ አንዱን ጫፍ በትከሻዬ አዙሬ፣ ማስኬን እስከ ዐይኔ ስቤ ብስክሌቱ ላይ ወጣሁ። ተሰብስባችሁ እንዳትሄዱ ስለተባለ ጋሽ ደሳለኝ ከፊት፣ ማርቆስ መሀል፣ እኔ ከኋላ ተራርቀን ነዳን። እውነቱን ለመናገር እንድንራራቅ ያደረገን ሕጉ ሳይሆን የእኔ ፍጥነት ነው።

መጀመሪያ ላይ ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ! ስድስት ሳምንት ግድግዳ ሲያይ የከረመ ዐይኔ ዛፍ አየ። ነፋሱ ጆሮዬን ሲቆርጠኝ እንኳ «ቁረጠኝ፣ ቁረጠኝ» እያልኩ ነው የነዳሁት። ልጅ ሆነን ለገሃር አካባቢ በሰዓት እየተከራየን የምንነዳበት ጊዜ ትዝ አለኝና ፔዳሉን ጠበቅ አድርጌ ረገጥኩ። ማርቆስን ልቀድም ነው። በልቤ ቀድሜውም ነበር። ያኔ ጋቢው ከትከሻዬ ሸርተት አለ።

ጋቢ ብዙ ጥቅም አለው፤ ለብስክሌት ግን አልተፈጠረም። ጫፉ የብስክሌቱ ካቴና ውስጥ ገባ። እኔ ወደፊት ስረግጥ ካቴናው ጋቢውን ይጎትታል፤ ጋቢው ደግሞ አንገቴን ይጎትታል። ይቺን ነገር ለማስተዋል ፋታ አላገኘሁም፤ ጠጠሩ ላይ ተዘርሬ ሰማዩን ሳይ ነው ራሴን ያገኘሁት። የማዕድኑ አቧራ ፊቴንና ፀጉሬን አመድ አስመስሎታል። ክርኔ ተልጧል። ዐይኔ ውስጥ የገባው አቧራ ደግሞ እንባዬን ያወርደዋል።

ማርቆስ ተመልሶ መጣና ጸለየ። ቀጥሎ ጋቢውን ይዞ ሳበ፤ ቢስበው፣ ቢስበው እምቢ አለ፤ በመጨረሻ «ጨርርር» ብሎ ከሁለት ተቀደደ። ግማሹ ትከሻዬ ላይ ቀረ፣ ግማሹ ካቴናው ውስጥ። የኋላው ጎማ አይዞርም።

«መቀስና ፒንሳ ያስፈልጋል» አለ ጋሽ ደሳለኝ ዙሪያውን እያየ። «የሄራሞ ቤት እኮ ይኼው ነው! የጓሮው በር በዚህ በኩል ነው። እግረ መንገዳችንንም ብርቅነሽን እንጠይቃታለን።»

እዚህ ላይ ሄራሞ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ የሆነው ነገር ሁሉ ቀልድ ይመስላችኋል። ሄራሞ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ መንገዱ ዳር ባለው አሮጌ የባቡር ፌርማታ አጠገብ ከሚስቱ ከብርቅነሽ ጋር ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ አለው፤ ዳቦ፣ ወተት፣ ሳሙና ይሸጣሉ። እኔ ወደዚህ አገር ስመጣ ማንንም አላውቅም ነበር። ሄራሞ ከባንኮኒው ጀርባ፣ የዱቄት ከረጢቶቹ መሀል አንጥፎልኝ ስምንት ወር አስተኝቶኛል። እናቴ ከወለደችው ወንድሜ አልለየውም።

ይህ ሰው ኮሮና ይዞት ሆስፒታል ከገባ ዐሥራ ሁለት ቀኑ ነበር። መጠየቅ አይቻልም፤ በር ላይ መቆም እንኳ አይቻልም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሱ ይደውል ነበር። ቀጥሎ ኦክስጅን አደረጉለትና መናገር ከለከሉት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቀን ሙሉ ድምፁ ጠፋ። ሆስፒታሉ በመዘገበው ወረቀት ላይ የመጀመሪያው ስልክ የብርቅነሽ፣ ሁለተኛው የእኔ ነው፤ እንግሊዝኛው ስለሚቀናኝ። ስለዚህ ስልኬ በጮኸ ቁጥር የሆስፒታሉ ቁጥር እንዳይሆን በአንድ ዐይኔ ነው የማየው። ብርቅነሽንም ምን እንደምላት ስለማላውቅ ሳላያት ሦስት ቀን ሆኖኛል።

ይህን ሁሉ እያወቅን፣ ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ወደዚያች ሴት በር ሄድን። ብስክሌቶቹን መንገዱ ዳር ዛፍ ሥር ትተናቸዋል። ጋሽ ደሳለኝ ለአክብሮት ቆቡን አውልቆ በእጁ ያዘ። ማርቆስ አንገቱን ደፋ። እኔ ግማሽ ጋቢዬን እንደምንም አጣፋሁ። ለአንዳችን፣ ለአንዳችን እንኳ ምን እንደምንመስል ትዝ አላለንም! አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ልመታው እፈልጋለሁ።

ብርቅነሽ በሩን ከፈተች። ሱቁን ለመክፈት እየተሰናዳች ስለነበር ሁለት ዳቦ ታቅፋለች። ጋሽ ደሳለኝን አየችው። ዳቦዎቹ ወደቁ።

«ጋሽ ደሳለኝ?» አለች።

ጋሽ ደሳለኝ ዳቦዎቹ ሲወድቁ አይቶ እሷም እንዳትወድቅበት ፈራ፤ ኋላ እንደነገረኝ ሊያረጋጋት ነው የፈለገው። በዚያ ወፍራም ድምፁ «አይዞሽ ልጄ» አላት።

«ምን ሆናችሁ?»

«ምንም አልሆንን። ምንም የለም። እስኪ ግቢ፣ ገብተሽ ቁጭ በይ።»

በሐበሻ ምድር ምንም ሳይኖር «ምንም የለም» ብሎ በር ላይ የቆመ ሰው ታውቃላችሁ? ብርቅነሽ ወደ ማርቆስ ዞረች። ማርቆስ የታመመ ባል ያላትን እህት ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። ዐይኑን ጨፍኖ እጁን ዘርግቷል፤ «ጌታ ሆይ፣ ይህችን እህታችንን አጽናናት፤ ከመጣባት ነገር ሁሉ በላይ አበርታት» ይላል።

የመጨረሻ ተስፋዋ እኔ ነበርኩ። ወደ እኔ ዞረች። ምን አየች? የሄራሞን የልብ ወዳጅ፣ ጋቢው ተቀዶ፣ ራሱ ላይ አመድ ነስንሶ፣ ክርኑ ደምቶ፣ እንባው ማስኩን ሲያርሰው።

«ኡኡኡ! ሄራሞዬ! ሄራሞዬን!» አለችና ደጃፉ ላይ ተዘረጋች።

እዚህ ላይ «ኧረ እኛ መቀስ ፈልገን ነው!» ማለት ነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር። ግን አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ብልጭ አለ። ቆይ እስኪ! ስልሳ ያለፈው ሰው በዚህ ውርጭ ብስክሌት እንንዳ ያለው ለምንድን ነው? ጋቢ ደርብ ያለኝ ማን ነው? ማርቆስን ለምን ጠራው? ከስንቱ መንገድ በሄራሞ ጓሮ የሚያልፈውን ለምን መረጠ? መርዶ ደግሞ ሲነገር ለቤተሰብ ብቻ አይደለም፤ የቅርብ ወዳጅንም ምክንያት ፈጥረው፣ እያዋዙ፣ ሳይነግሩት እስከ በሩ ያመጡታል። አባቴ የሞተ ጊዜ «ና ቁርስ እንብላ» ብሎ አታሎ የወሰደኝ ማን ሆነና? ይኸው ራሱ ጋሽ ደሳለኝ! ለካ መርዶው ለእኔም ነው! ለካ ስፖርቱ ሰበብ ነው!

«ወይኔ ሄራሞ! ወይኔ ወንድሜ!» ብዬ ግማሽ ጋቢዬን ወረወርኩና ደረቴን ደቃሁ። እንዴት እንዳለቀስኩ አትጠይቁኝ። የዱቄት ከረጢቶቹ ትዝ አሉኝ፤ ጠዋት ጠዋት በእግሩ ጫፍ እየነካካ «ተነሣ አንተ፣ ደንበኛ መጣ» የሚለኝ ትዝ አለኝ።

ጋሽ ደሳለኝ ደግሞ እኔን አየ። ያሰበውን የነገረኝ በኋላ ነው፤ «ሁለተኛው ስልክ የዚህ ሰውዬ አይደል? ለካስ ሆስፒታሉ ጠዋት ደውሎለት ኖሯል! አምቆ ይዞት ነው እንጂ ብስክሌት የሚችል ሰው ሜዳ ላይ ይወድቃል?» ብሎ ደመደመ። ስንት መርዶ የነገረ ሰው ለራሱ ሲደርስበት አልቻለም፤ ቆቡን ፊቱ ላይ ደፍቶ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ማርቆስም ዐይኑን ሲገልጥ ሁለታችንም እናለቅሳለን፤ «እነዚህ ሰዎች ለኔ ሳይነግሩኝ!» ብሎ ተንበረከከ።

እኛ ሦስታችን ስናለቅስ ብርቅነሽ ይበልጥ ጮኸች፤ እሷ ስትጮህ እኛ ይበልጥ አመንን። ጎናቸው ባለው ክፍል የሚከራዩ ሁለት ያገራችን ሴት ልጆች እየሮጡ ወጡ። ማን ሞተ ብለው አልጠየቁም፤ ምን ያስጠይቃል፣ ጋሽ ደሳለኝ ቆሞ የለም? አንዷ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ሌላዋ ምንጣፍና ወንበር ታወጣ ጀመር። ከዚያ ደንቡና ሕጉ ተጋጩ። ኀዘንተኛ ይታቀፋል፤ ኮሮና ደግሞ አይታቀፍም ይላል። ስለዚህ ልጆቹ ሁለት ሜትር ርቀው እያለቀሱ፣ ተራ በተራ ቀረብ ብለው የብርቅነሽን ክርን በክርናቸው ነካ እያደረጉ ይመለሳሉ። አንዷ በለቅሶው መሀል የእጅ ሳኒታይዘር ይዛ ዞረች፤ እኔም እጄን ዘርግቼ ተቀብዬ፣ አሻሽቼ፣ ደረቴን መድቃት ቀጠልኩ። የተላጠው ክርኔ ላይ ስለደረሰ ለቅሶዬ ጨመረ።

ይህን ሁሉ የገላገለችን ጎረቤታቸው ጎጎ ናት። እዚህ አገር ሴት አያትን ጎጎ ነው የሚሉት። ሰባውን ያለፈች፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ በየጠዋቱ ከሄራሞ ሱቅ ቡናማ ዳቦ የምትገዛ ሴትዮ ናት። ሱቁ ሳይከፈት ቢቆይባት ጩኸቱን ተከትላ በጓሮ መጣች።

«ሃው! ምን ሆናችኋል?» አለች በእንግሊዝኛዋ።

«ሄራሞ ሞተ» አልኳት።

ጎጎ አፏን በእጇ ያዘችና «ማን ደወለ?» አለች።

እኔ ወደ ጋሽ ደሳለኝ ጠቆምኩ። ጋሽ ደሳለኝ ወደ እኔ ጠቆመ። ማርቆስ በአንድ እጁ ወደ እኔ፣ በሌላው ወደ ጋሽ ደሳለኝ ጠቆመ።

ጎጎ ሦስታችንንም በየተራ አየችን። «ለአንተ ማን ደወለ?» አለችኝ።

«እኔ... እሱ ነው ያመጣኝ።»

«አንተ ነህ እንጂ!» አለ ጋሽ ደሳለኝ ቆቡን ከፊቱ ላይ አንሥቶ። «ሆስፒታሉ አልደወለልህም?»

«ለእኔ? ማንም አልደወለልኝም! ለአንተ አልደወሉልህም?»

«እኔን ማን ብለው ይደውሉልኛል?»

ለቅሶው ጸጥ አለ። ብርቅነሽ ከምንጣፉ ላይ ቀና አለች። ጎጎ ወገቧን ያዘች።

«ሃይ ቦ! ታዲያ ማንም ካልደወለ ምን ልትሠሩ መጣችሁ?»

«መቀስ ፈልገን» አልኩ።

በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም። ብርቅነሽ ግን አልተቆጣችም፤ መቆጣት ቢቻላት በወደድኩ። «ደውሉ!» አለች። «አሁኑኑ ደውሉ! እኔ እንግዲህ ሳላውቅ አልቀመጥም። ካለ አለ በሉኝ፣ ከሌለም...» አልጨረሰችውም። እኛ በሞኝነታችን ጀመርነው እንጂ ፍርሃቱ እውነተኛ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ድምፁ የጠፋ ሰው ነው። ልክ ባንሆንስ? ልክ ብንሆንስ?

ደወልኩ። ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፈትኩት። «እባክዎ ይጠብቁ» አለና ዘፈን ለቀቀብን። በዚያ ግቢ አንድ ሰው አልተነቃነቀም፤ የሠርግ ቤት ዘፈን በሚመስል ነገር ለቅሶ ተቀምጠን ጠበቅን። ሲቋረጥ ደግሜ ደወልኩ። በሦስተኛው አንዲት ነርስ አነሣች። ስሙን ነገርኳት፣ የክፍሉን ቁጥር ነገርኳት። ሄዳ ተመለሰች።

«አልጋው ላይ የለም» አለችኝ።

ሁሉም አፌን ያያሉ። እንግሊዝኛውን ያልሰማ የሚጠብቀው የእኔን ቃል ነው። ብርቅነሽ ሁለት እጇን ጉንጮቿ ላይ አድርጋ ታየኛለች። ምን ልበላት? በዚያች ደቂቃ የጋሽ ደሳለኝ የዘመናት ሥራ ምን እንደሆነ ገባኝ። አፌ የቻለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ምንም የለም» አልኳት። «አይዞሽ።»

«ኡኡኡኡ!»

ግቢው እንደገና ተነሣ። ነርሷ በስልኩ ውስጥ «ሄሎ? ሄሎ?» ትላለች። ጎጎ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝና በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል በዙሉኛ አነጋገረቻት። ትንሽ ሰማች፣ «ዬቦ፣ ዬቦ» አለች፣ አዎ አዎ ማለቷ ነው፤ ከዚያ ባለ በሌለ ድምፅዋ «ዝም በሉ!» ብላ አንባረቀችብን።

«ሌላ ክፍል ነው የወሰዱት» አለች። «ትናንት ማታ ኦክስጅኑን አነሡለት። ተሽሎታል። አሁን ያገናኙናል።»

በአማርኛ መለስኩላቸው። ማንም ቃል ሳይተነፍስ ስልኩ ተንኮሻኮሸ፤ ከዚያ አንድ የሻከረ፣ የደከመ ድምፅ «ሄሎ?» አለ። እሱ ነው! ሄራሞ ነው! እግዚአብሔር ያውቃል፣ እንደዚያ ያለ ደስታ ደግሞ አይቼ አላውቅም። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ብርቅነሽ ድምፁን ስትሰማ ቅድም ሞተ ከተባለው ይልቅ አምርራ ጮኸች። ልጆቹም እልል ማለት ይሁን ማልቀስ ሳይለይላቸው አብረው ጮኹ።

«ምንድን ነው?» አለ ሄራሞ። «ብርቅነሽ! ለቅሶው ምንድን ነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም!» አለችው እያነባች።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

እሷ መናገር ሲያቅታት ጋሽ ደሳለኝ ሊረዳት ፈለገ። ምነው አፉን በያዝኩት! ወደ ስልኩ ጎንበስ አለና በዚያ ወፍራም ድምፁ «አይዞህ ሄራሞ፣ ምንም የለም» አለው።

ሄራሞ አልጋው ላይ ቀና ሲል ተሰማን።

«ጋሽ ደሳለኝ ነው?» አለ ሄራሞ ቀስ ብሎ። «በዚህ ጠዋት እኔ ቤት ምን ያደርጋል?» ድምፁ ተሰበረ። «እናቴ ናት! እናቴ ናት አይደል? አትደብቁኝ፣ እችለዋለሁ፣ በሉ ንገሩኝ!»

ጋሽ ደሳለኝ ሊመልስ አፉን ሲከፍት አራት ሰው በአንድ ጊዜ «ዝም በል!» አልነው። በሕይወቱ እንደዚያ ተደርጎ አያውቅም፤ ግድግዳው ሥር ሄዶ ቆመ። ማርቆስ ደግሞ ሊጸልይ እጁን ሲያነሣ ጎጎ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ባይገባትም እጁን ይዛ አወረደችው።

«እማማ ደኅና ናቸው» አለችው ብርቅነሽ። «ትናንት አነጋግሬያቸዋለሁ።»

«እስኪ ማይልኝ።»

«እግዚአብሔርን!»

«ወንድሜስ፣ ኤርሲዶ?»

«አለ።»

«እህቴ ታደለችስ?»

«አለች። ከነልጆቿ።»

አላመነም። ሆስፒታል የተኛ ሰው ነውና ሐኪሙ እንዳይነገረው ከልክሎ ይሆናል ብሎ ይሆናል፤ እንጃ፤ ብቻ ሆሳዕና ያለውን ዘመድ አዝማድ በሙሉ አንድ በአንድ ጠራ። አጎቶቹን ጠራ፤ አሉ። ጎረቤቱን ጠራ፤ አለ። ቀዩን በሬ እንኳ ጠየቀ፤ እሱም አለ። ቀጥሎ እዚህ ወዳለነው መጣ።

«ማርቆስስ?»

«አለሁ ወንድሜ፣ ጌታ ይመስገን!»

የእኔንም ስም ጠራ። «አለሁ» አልኩት። ያ ሁሉ ዜና እየሰማን በከረምንበት ጊዜ፣ ያ ሁሉ ስም ተጠርቶ «አለ፣ አለች፣ አለሁ» ሲባል መስማት ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ልነግራችሁ አልችልም። ልጆቹ እንኳ ማልቀሱን ትተው በየስሙ ከብርቅነሽ ጋር «አለ!» ይሉ ጀመር።

ሄራሞ የሚጠራው ስም አለቀበት።

«እንዴ!» አለ። «ታዲያ የሞትኩት እኔ ነኛ!»

«አዎ፣ አንተ ነህ» አለችው ብርቅነሽ አፍንጫዋን እየጠረገች። «አልቅሰንልህ ጨርሰናል። አሁን ቶሎ ድንና ና።»

ሄራሞ በሳቅ ፈነዳ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት፣ ሳለ፣ ሳለ፣ እንደገና ሳቀ። በዚያ ዘመን ሰው ሲስል ሰምቼ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።